መትረየስና አዲሱ ኪቦርድ

ፍርድ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ መትረየስ ይላታል። ስሙን ያወጣላት አሁን ጡረታ የወጣ አንድ ዳኛ ነው። በክፍሏ በር ሲያልፍ የጣቶቿን ድምፅ ሰምቶ፣ «እዚህ ቤት ማን ላይ ነው የሚተኮሰው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተቀየረ።

ሥራዋ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ችሎት ላይ የሚነገረው ሁሉ ይቀዳል፤ ቅጂው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይመጣል። እዚያ አራት ሴቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው የሰሙትን ይጽፋሉ። ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች ምስክሩን አያዩትም፣ ድምፁንም አይሰሙትም። የሚያነቡት ከሦስተኛ ፎቅ የወረደውን ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አልተባለም፤ የቤቱ ደንብ ይህ ነው።

ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት፣ አገልግሎቷ ሃያ ስድስት ዓመት። የጀመረችው አክስቷ በምትሠራበት ጽሕፈት ቤት፣ ሪባኑ ባለቀ የጽሕፈት መኪና ላይ ነው። አክስቷ ቁልፎቹን በፎጣ ሸፍና ታስተምራት ነበር። ቁልፍ ለማየት ፎጣውን ከገለጠች አክስቷ በማስመሪያ ጣቷን ትመታታለች። በዚያ ዘዴ የተማረ ሰው ዕድሜ ልኩን ቁልፍ አያይም። መትረየስም አይታ አታውቅም። ስትጽፍ የምታየው ከፊቷ ያለውን ግድግዳ ነው። ድምፁ ሲበላሽ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ተጨፍኖ የተሻለ ይሰማል ትላለች።

ማውስ አትነካም። የእሷ ማውስ ገመዱ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ቆይቷል። መቅዳት፣ መለጠፍ፣ መፈለግ፣ ሴቭ ማድረግ፣ ሁሉንም በአቋራጭ ቁልፍ ትጨርሳለች። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ኮንትሮል ላይ ትሆናለች፣ ሌሎቹ ይበርራሉ። ትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ ጠንካራ ቆዳ አብቅላለች። በደቂቃ ሰባ ቃል ትጽፋለች። ከአራቱ ሴቶች በዚህ የሚቀርባት የለም።

ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ጥቋቁሮቹ ኮምፒውተሮች ጠረጴዛቸው ላይ የሉም። ደረጃው ሥር ተደራርበው የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። በቦታቸው ነጫጭና ቀጫጭን ማሽኖች ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ተቀይሯል። ስምንት ሳምንት መለማመጃ ተሰጥቷል። በስምንተኛው ሳምንት ሐሙስ ፈተና አለ። በደቂቃ ሃምሳ ቃል ያልደረሰች ከማሽን ተነስታ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች።

«ሃምሳ?» አለች መትረየስ። «ሃምሳማ እያዛጋሁም እጽፋለሁ።»

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ማዳመጫዋን ደፋች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጽፋ በልማዷ ሴቭ አደረገች። ምንም የለም። ልትቀዳ ሞከረች፤ አልተቀዳም። ልትለጥፍ ስትል ገጹ ዘሎ ሌላ ቦታ ወረደ። አውራ ጣቷ አንድ የማታውቀውን ቁልፍ ነካች፤ የጻፈችው ሁሉ ከነመስኮቱ ከስክሪኑ ጠፋ። እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ማሽኖቹን የምታስለምደው ባለሙያ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ትዕግሥተኛ ሴት ናት። መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አልጠፋም፣ እትዬ፤ ተደብቆ ነው» አለቻት። «የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድሮ በትንሿ ጣት ኮንትሮልን ይጫኑ ነበር። አሁን በአውራ ጣት ኮማንድን ነው። ሌላው ያው ነው።»

«ያው ነው?»

«ያው ነው። ማለቴ፣ ከሞላ ጎደል።»

«ከሞላ ጎደሉ ነው እኮ የሚገድለኝ፣ የኔ ልጅ።»

ከጎኗ የምትቀመጠው ባልደረባዋ እንቁላል ትባላለች። ቀርፋፋ ናት። በሁለት ጣት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በዓይኗ ፈልጋ፣ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው ነው የምትጽፈው። ሲስቁባት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች፤ ስሙ የወጣላት በዚህ ነው። አቋራጭ ቁልፍ የሚባል ነገር ተምራ አታውቅም። ሁሉንም በማውስ ጠቅ እያደረገች ትጨርሳለች። አዲሱ ማሽን ላይም ማውስ አለ። ረቡዕ ላይ እንቁላል ድሮ በምትጽፍበት ፍጥነት መጻፍ ጀመረች።

«አይዞሽ፣ መትረየስ» አለቻት አሻግራ። «ጥይት ጨርሰሽ ነው?»

«አንቺ ምን አለብሽ። የምትረሺው ነገር የለሽ።»

ይህን ያለችው ለመናደፍ ነበር። ነገር ግን እውነቱ እሱ ነው። አዲስ ነገር መማርማ አልከበዳትም፤ ባለሙያዋ የሰጠቻትን አርባ መስመር ዝርዝር በሁለት ቀን በቃሏ ይዛዋለች። ብትጠየቅ ሳትሳሳት ትመልሳለች። ጣቶቿ ግን ሳይጠየቁ ነው የሚመልሱት። ስታስብ ትክክል ትጫናለች፣ ማሰብ ስትተው ትሳሳታለች፤ ፍጥነት ማለት ደግሞ ሳያስቡ መጫን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ባለሙያዋ ለካቻት። በደቂቃ አሥራ ዘጠኝ ቃል።

እንቁላል ቁጥሩን በትከሻዋ አሻግራ አየች፤ ለአንድ ጊዜ ያህል ምንም አልቀለደችም። መትረየስን የጎዳት ያ ዝምታ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ነገሩን ስታጫውተው ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔም ደርሶብኛል። አዲስ አውቶቡስ ሲሰጡን ማርሹ ከመሪው ሥር ወደ ወለል ወረደ። አንድ ሳምንት ሙሉ አየር ስጨብጥ ሰነበትኩ።»

«ሰው ገጨህ?»

«አንድ የቆሻሻ ገንዳ። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ ምን ያደርጋል?»

አልሳቀችም። ካርቶን ቆርጣ አዲሱን ኪቦርድ በእስክሪብቶ ሣለችበትና ምሳ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ትለማመድ ጀመር። ቤት ውስጥ የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር፣ እጄን እያሳተው ነው ብላ ለእህቷ ሰጠች። ቅዳሜና እሑድ ከባሏ ጋር ቴሌቪዥን እያየች አውራ ጣቷ ክንዱ ላይ ይሠራል፤ መቅዳት፣ መለጠፍ፣ መቅዳት፣ መለጠፍ።

«አንቺ ሴትዮ» አላት አንድ ቀን፣ «ሴቭ እያደረግሽኝ ነው ወይስ እየሰረዝሽኝ?»

በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ስምንት ቃል ደረሰች። በአምስተኛው አርባ አንድ። የደረሰችው ግን ቁልፍ እያየች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያላጎነበሰ አንገቷ አጎንብሶ መዋል ጀመረ፤ ሥራ ሲያልቅ ቀና ማለት ያቅታታል። የክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ታውቃለች። ምን እንደሚያስብም ታውቃለች። ድሮ ለአስቸኳይ መዝገብ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር። አሁን አስቸኳዩ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ከማሽን ከተነሳች የሚጠብቃት ምድር ቤት ያለው መስኮት ነው፤ ወረቀት ማቀበልና ማኅተም መምታት። እዚያ ያሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ግን መስኮቱ ላይ መትረየስ የሚባል ሰው አያስፈልግም። ማንም ይሁን ማን ማኅተም መምታት አያቅተውም።

በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ እጇ ተመለሰላት።

እንዴት እንደሆነ አታውቀውም። ጠዋት ተቀምጣ ማዳመጫውን ደፋች፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግድግዳውን እያየች እንደምትጽፍ ነቃች። አንገቷን አላጎነበሰችም። አውራ ጣቷ ኮማንድን ራሱ አግኝቶታል። ክፍሉ ውስጥ ያ ድሮ የነበረው የተኩስ ድምፅ ተሰማ። እንቁላል ማዳመጫዋን አውልቃ አጨበጨበች። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!» አለች። መትረየስ መጻፏን ቀጠለች፤ ልታቆም ፈርታለች። በደቂቃ ስድሳ ሦስት ቃል ሆነ።

የዚያን ቀን ያለቀው መዝገብ የአንድ የመጋዘን በር ጠባቂ ክርክር ነው። ጠባቂው በሥራ ሰዓት በሩን ጥሎ ሄዷል፤ በዚያ ሰዓት ዕቃ ጠፍቷል ተብሎ ከሥራ የተባረረ ሰው ነው። መባረሩን ተቃውሞ ከሰሰ፤ በሥር ፍርድ ቤት ተሸንፎ ይግባኝ ብሏል። ቅጂው ሁለተኛ ችሎት የተቀዳ ነበር። ሁለተኛ ችሎት ደግሞ በገልባጮቹ ዘንድ የተጠላ ነው። ማይክሮፎኑ አጠገብ የአየር ማራገቢያ አለ፤ ምስክር በተናገረ ቁጥር እሱም አብሮ ይናገራል።

ለዚህ የራሷ አሠራር አላት። መጀመሪያ ስትጽፍ ያልሰማችው ቃል ላይ ሦስት ነጥብ ጥላ ታልፋለች። ሁሉን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ በመፈለጊያው ቁልፍ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየዘለለች፣ ያን ቦታ ብቻ ሦስት ጊዜ ታዳምጣለች። ከሰማች ቃሉን ታስገባለች። ካልሰማች አንድ አቋራጭ ትጫናለች፤ «ድምፁ አይሰማም» የሚል ምልክት ቁጭ ይላል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ነው። ምልክቱ በአሮጌው ሲስተም ኮንትሮልና ኬ ነበር። በአዲሱ ሌላ ቁልፍ ተሰጥቶታል፤ ከአርባው መስመር ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ተጽፏል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ጨፍና ሁለተኛውን ዙር ጨረሰች። ደስ ብሏታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ፈርማ ወደ ታች ላከችው። የገለበጠችው ራሷ፣ ያረመችው ራሷ፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ከድምፁ ጋር የሚያመሳክረው ማንም የለም።

የፈተናው ሳምንት ሰኞ ከምድር ቤት ደወሉላት፤ አንድ ሰው አስቸግሮናልና ነይ አሏት። ወረደች። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ቆሟል። የበር ጠባቂው ነው።

«እህቴ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ፊርማው የኔ ነው።»

«አይቆጡኝና፣ ምስክር የሆነው የጭነት መኪና ሾፌር ከተናገረው ጎድሏል።»

«ወንድሜ፣ የተሸነፈ ሰው ሁሉ የሚለን ይህንኑ ነው።»

«ልክ ነዎት፤ መሸነፉንስ ተሸንፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ይግባኝህ አልቀናም አሉኝ። እንደገና ይታይልኝ ለማለት እስከ ረቡዕ ጊዜ አለህ ተባልኩ። ግን በምን ልበል? ሾፌሩ ሲናገር አፉን እያየሁ ነበር። አሁን ወረቀቱን ሳነበው የለም።»

ዝም ልታሰኘው ወረቀቱን ተቀበለችው። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። ገለጠች፣ ገለጠች። ሠላሳ አንዱም ገጽ ላይ «ድምፁ አይሰማም» የሚል አንድ ምልክት የለም። ለማንኛውም አንባቢ ይህ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ንጹሕ ነው። ከሁለተኛ ችሎት ግን ንጹሕ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።

«እዚሁ ይጠብቁኝ» አለችው።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ቅጂውን ከፈተች። ሾፌሩ የሚናገርበትን ቦታ አገኘችው። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ «ስደርስ በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ራሴ ከፍቼ ነው መኪናዬን ያስገባሁት።» በድምፁ ውስጥ ግን ማራገቢያው ትንሽ ጮኸና ሾፌሩ ቀጠለ፦ «ከዚያ በፊት በዚያው በር ስወጣ ግን የመጋዘኑ ኃላፊ ጠባቂውን በስልክ ሲጠራውና ወደ ኋላ በር ሂድ ሲለው ሰምቻለሁ፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር።» ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ጽፋው እንደነበር እርግጠኛ ነች። ጣቶቿ ያስታውሱታል።

ባለሙያዋን ጠራቻት።

«ኮንትሮልና ኬ ብጫን ምን ይሆናል?»

«በዚህኛው? ከቆሙበት ቦታ ጀምሮ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ያጠፋል።»

«ሳይጠይቅ?»

«ሳይጠይቅ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ?»

«ለለመደው ሰው ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለች ባለሙያዋ።

አሥራ አንድ ቦታ ላይ ተጭናዋለች። አሥሩ ላይ የጠፋው ስለ መኪናው ቀለም፣ ስለ ዝናቡ፣ ማን ከማን በኋላ ምሳ እንደሄደ ነው። አሥራ አንደኛው የሾፌሩ ነው።

ወርዳ ለሰውየው ነገረችው። «ጎድሏል። ጥፋቱ የኔ ነው። እጽፍልዎታለሁ።» አመሰገናት፤ ምስጋናው ከስድብ በላይ ከበዳት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ቁጭ ሳትል ተናገረች። ኃላፊው ሰምቶ ሲጨርስ በሩን ዘጋ።

«ሐሙስ ፈተና እንዳለ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«የስህተት ሪፖርት ፈርሞ ያስገባ ገልባጭ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከማሽን ይነሳል። ከማሽን የተነሳ አይፈተንም። ያልተፈተነ ደግሞ...»

«ይዛወራል።»

«ዓርብ ጠዋት ይዘውልኝ ይምጡ። እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ይፈተኑ፣ ይለፉ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። እርስዎን የሚያህል ሰው ለአንድ ቁልፍ ብዬ ማጣት አልፈልግም።»

«የሰውየው ቀን ረቡዕ ያልቃል።»

«ሾፌሩን አስጠርቶ እንደገና ያናግረው።»

«ወረቀት ላይ ያልሰፈረ አልተባለም፤ ደንቡን የሚያነቡልን እርስዎ ነዎት።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእሷ ብሎ ነው። ይህንንም ታውቃለች፤ ማወቋ አልጠቀማትም።

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ቀልድ ጠበቀች። እሱ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«እኔ የገጨሁት ገንዳ ነበር» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን ጻፈች። አንድ ገጽ ተኩል ነው። የተጻፈው በነጩ ማሽን ላይ፣ አንገቷን አጎንብሳ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ አይታ ነው። ምናልባት በደቂቃ አሥር ቃል ሄዳ ይሆናል። የጠፋውን ሁሉ፣ የመኪናውን ቀለምና ዝናቡን ሳይቀር መልሳ አስገባች። ፈርማ አስገባች። ከሰዓት በኋላ ማዳመጫዋንና የይለፍ ቃሏን እንድታስረክብ ተነገራት። እንቁላል ልታቅፋት ተነስታ መሀል ላይ ቆመች።

«ቆይ ግን» አለች፣ «ሐሙስን ብቻ ብትጠብቂ ምን ነበር? ሁለት ቀን!»

«አልቻልኩም።»

«እኔ ብሆን እችል ነበር» አለች እንቁላል። አልዋሸችም። የስምንት ሳምንቱ ልምምድ ጠቅሟት ሐሙስ ተፈትና ሃምሳ አንድ ቃል አመጣች፤ በአንድ ቃል አለፈች።

መትረየስ ምድር ቤት ወረደች። መስኮቱ ላይ ኪቦርድ የለም። ውሳኔ የሚወስድ ሰው ይመጣል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ወረቀቱን ትሰጠዋለች፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ማኅተም ትመታለች። እዚያ ያሉት ሠራተኞች መትረየስ ማለቱን ለሁለት ቀን ሞከሩት። ከዚያ ግራ ስለገባቸው በስሟ ይጠሯት ጀመር። ባለሙያዋ አንዴ ወርዳ ጎበኘቻት፤ ከላይ ላለችው ተተኪ ኮንትሮልና ኬ እንዳይሠራ ተደርጎ እንደተዘጋላት ነገረቻት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር አለች። ይህን መናገር እንዳልነበረባት የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

ምድር ቤት በወረደች በአራተኛው ሳምንት ከይግባኝ ሰሚዎቹ የወረዱ ወረቀቶች ውስጥ የበር ጠባቂውን ቁጥር አየች። ቆማ አነበበችው። እርማቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ታዟል። ይሁን እንጂ የሾፌሩ ቃል ሙሉ በሙሉ ቢታመን እንኳ በሩ ያለ ጠባቂ መቅረቱን አያስተባብልም፤ ከሳሽ ከመሄዱ በፊት ተተኪ መጠየቅ ነበረበት። ውሳኔው ጸንቷል። ሁለት አንቀጽ ነው። ሦስት ጊዜ አነበበችው። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ሰውየው በማግስቱ መጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። መስኮቱ ላይ እሷን ሲያይ ፈገግ አለ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? ጥሩ ነው፤ ገዴ ነዎት። ምን ይላል? መነጽሬን አልያዝኩም።»

ከኋላው ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችለት፤ አንድም ቃል አልዘለለችም። እሱ መስታወቱን ያይ ነበር። ስትጨርስ ትንሽ ጠበቀ፤ የቀረ ገጽ ያለ መስሎታል።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ምን ጠቀመ? ሾፌሩ የተናገረው ገባ አይደል?»

«ገብቷል።»

«ገብቶም ያው ነው?»

«ያው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከኋላው አንድ ሰው ሰዓት እያለፈ ነው ብሎ አጉረመረመ።

«እርስዎስ?» አላት። «ጥፋቱ የኔ ነው ብለው በመጻፍዎ ነው እዚህ ያወረዱዎት?»

«በዚያ ነው።»

«ይመልሱዎታል?»

«አይመልሱኝም።»

መዝገቡን በመስታወቱ ሥር አሳለፈችለትና ባዶውን መስመር በጣቷ አሳየችው።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ማኅተሙን መታች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ መውጫው ሄደ። ቀጥሎ የነበረው ሰው ቁጥሩን እየተናገረ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።